ጀልባ ነጂው የተመለሰበት ጥቅል

እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ሩቅ ሆነሽም ለማትርቂኝ ለሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሦስት መስመር ነው። ደህና ነሽ፤ ሥራ በዝቶብሻል፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ደግሞ «ትቻቸው የሄድኩትን አራት ደብተሮች አቃጥያቸው። ማቃጠሉ ከከበደሽ ዕቃ ጠቅልይባቸው» ብለሻል። ነገር ወርወር ማድረጉን ከማን እንደ ወረስሽው ስለማውቅ አልተቀየምኩም።

መልስ ሳልሰጥሽ አሥራ ሦስት ቀን አለፈ። እኔ እንደሆንኩ ምን እንደያዘ ሳላይ ከእጄ ዕቃ አላወጣም። ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ይረዝማል፤ ወንበር ሳቢና ተቀምጠሽ አንብቢው።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል እንጂ ሌላው ጤና ነው። አክስትሽም ደህና ናት፤ እንደ ድሮዋ ሁሉን ታውቃለች። ሱቁ እንዳለ ነው፤ ክር፣ ዚፕ፣ የልብስ ቁልፍ። የተለወጠው ከላይ ያለው ክፍል ነው። ደራሲዎች ገብተውበታል። አትሳቂ።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ዓመት ነው። ሦስት ሰዎች አብረው ሱቅ ገቡ። አንደኛው ኮቱ ላይ ሁለት ቁልፍ ስለ ጎደለበት ለገበያ የመጡ መስሎኝ ቀለሙን በዓይኔ እየመዘንኩ ነበር።

«እትዬ፣ ላይ ያለው ክፍል ባዶ ነው ሲሉ ሰምተን ነበር» አለ ባለ ኮቱ።

«ባዶ አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ጆንያ ቁልፍ አለበት።»

«እኛ ጥግ ይዘን ነው የምንቀመጠው። ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ። የምንሰበሰብበት ቤት ስለ ተዘጋብን ነው። የጻፍነውን እናነባለን፣ የቆየ ልብ ወለድ እናነባለን፣ ሌላ ነገር የለንም።»

«ስታነቡ እጃችሁ ምን ይሠራል?»

ተያዩ። «እጃችን?» አለች ሴቷ። «እጃችን… ገጽ ይገልጣል።»

«የሚገልጠው የአንዱ ነው። የሌሎቻችሁስ?»

በዚህ ተስማማን። አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ሌሎቹ የተደባለቀ ቁልፍ በቀለምና በመጠን ይለያሉ። ጆንያ ሙሉ ድብልቅ ቁልፍ መለየት እንዴት ዓይን እንደሚያጠፋ አንቺ ታውቂዋለሽ። ከእኔ ወገን ትርፉ ግልጽ ነበር። እነሱም እጃቸው ሥራ ሲይዝ ጠባቸው ቀነሰ፤ ይህን ያሉት ራሳቸው ናቸው።

ሰዎቹን ላስተዋውቅሽ። ባለ ኮቱ ሰዓት ሠሪ ነው። አንድ ልብ ወለድ ሲጽፍ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጀግናው እስካሁን ከቤት አልወጣም ይባላል። ሴቷ ነርስ ናት፤ አጫጭር ታሪክ ትጽፋለች። ሦስተኛው ማተሚያ ቤት ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ሲያርም ኖሮ ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው። ሲያወራ አራት ነጥብ የሚባል ስለማያውቅ ነጠላ ሰረዝ ይሉታል። በፊቱ ነው የሚሉት፤ እሱም ይኮራበታል።

መጀመሪያ ላይ የምወጣው አለያየቱን ለማየት ነበር። ቡናማው ከጥቁሩ እንዳይቀላቀል። በር ላይ ቆሜ አይቼ እመለሳለሁ። ከዚያ በር ላይ ቆሜ መቆየት ጀመርኩ። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። የከሰዓቱ ፀሐይ በዚያች አንድ መስኮት ትገባለች፤ አቧራው ብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቁልፎቹ ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ሁለት እያሉ ሲወድቁ ዝናብ ልጀምር አልጀምር የሚል ይመስላል። አንድ ሰው ደግሞ መቶ ዓመት ስላለፋቸው ሰዎች ያነባል። ማንም ምን ትፈልጊያለሽ አላለኝም። አንድ ቀን ነርሷ ቆርቆሮ አቀበለችኝና በዚያው አባል ሆንኩ።

የሚያነቡት ወንዝ ዳር ሰው እያሻገረ ስለሚኖር የአንድ ጀልባ ነጂ ቤተሰብ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ ነው። ዘመን የማይሽረው ይሉታል። ሰዓት ሠሪው ግን ሲበሳጭ «እኔ የማስበውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ ጨርሶታል፤ ለእኛ ምን ተወልን?» ይላል። ነርሷ ደግሞ «የኔ ታሪክ አራት ገጽ ነው። ይሄ ሰውዬ በአራት ገጽ አንድ ሰው ከወንበር አያስነሳም!» ትላለች። ሲያነቡት ግን ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው ነው።

ቅጂው አንድ ብቻ ነው፤ ጥራዙም ፈርሷል። ስለዚህ ነጠላ ሰረዝ ስድስት ቦታ ከፍሎ እያንዳንዱን ክፍል ከእኔ ሱቅ በወሰደው ክር አሰረው። አንደኛው ነጭ፣ ሁለተኛው ሰማያዊ፣ ሦስተኛው ቢጫ፣ አራተኛው ቀይ፣ አምስተኛው ጥቁር ቀይ፣ ስድስተኛው ጥቁር። ዝርዝሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ቅዳሜ የሚነበበው ለውይይት ከዚህም ከዚያም የተመረጠ ጥቂት ገጽ ነው፤ ዋናውን ንባብ ሁሉም ጥቅሉን ቤቱ እየወሰደ ይጨርስና ለሚቀጥለው ያስተላልፋል። አንድ ጥብቅ ሕግ አላቸው፦ ወደፊት የሄደ አንባቢ ኋላ ላለው ምን እንደሚመጣ ትንፍሽ አይልም። እኔ ከሁሉም ኋላ ስለ ገባሁ የመጨረሻዋ አንባቢ ነኝ። ቅዳሜ የሚነበበው እኔ ካልደረስኩበት ከሆነ «እትዬ፣ ትንሽ ወደ ታች» ይሉኛል፤ በገዛ ቤቴ ተባርሬ ደረጃ እወርዳለሁ።

ልጄ፣ ተቸግሬ ነበር። እያንዳንዱ ሰው ሦስት ስም አለው፤ አንዱ እናቱ የምትጠራው፣ አንዱ መንደርተኛው፣ አንዱ ሲቆጡት። ማን ማን እንደሆነ ጠፋኝ። በመጨረሻ እንደ ዕቃ ያዝኳቸው። ለጀልባ ነጂው ትልቅ የካፖርት ቁልፍ ሰጠሁት፤ ለሚስቱ የቀንድ ቁልፍ፤ ለልጃቸው ትንሽ ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ፤ ለመንደሩ ዳኛ የወታደር ልብስ ባለ ወርቁን። ገበያ በማይኖርበት በቀትሩ ሰዓት ባንኮኒው ላይ እደረድራቸዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ ወደ ክፍል የገባውን አስገባለሁ፤ የወጣውን አስወጣለሁ። አንዷ ደንበኛዬ አየችኝ።

«እትዬ፣ ዳማ ነው?»

«አዎ።»

«ከማን ጋር?»

«ከሞተ ሰው ጋር» አልኳት። ክሯን ይዛ ቶሎ ወጣች።

እንደምታውቂው በየቀኑ ሁለት ሦስት መስመር ማስታወሻ እይዛለሁ። ከሰማያዊው ጥቅል ሳምንት የጻፍኩትን ልገልብጥልሽ። «ማክሰኞ። ሠላሳ ሁለት ገጽ። ጭጋግ። አልገለጠም።» «ረቡዕ። ጭጋግ። አንቀላፋሁ። ዚፕ ፈላጊ ቀሰቀሰኝ።» «ሐሙስ። ጭጋጉ ውስጥ ደወል ተሰማ።» «ዓርብ። ደወሉን ማን እንደሚደውል ሳላውቅ ሱቅ መዝጋት ከበደኝ።» እንዲህ ነው የያዘኝ። መጽሐፉ ላይ ሳነበው ያንቀላፋሁበት ጭጋግ፣ መንገድ ላይ ስሄድ ዙሪያዬን ከቦኝ አገኘዋለሁ። አውቶቡሱ፣ መብራቱ፣ ጃንጥላ የያዙት ሰዎች፣ ሁሉም ከሩቅ ከዚያ ወንዝ ማዶ የሚመጡ ይመስሉኛል።

ያንቺ ደብዳቤ የደረሰኝ በቀይ ክር የታሰረውን ጥቅል ስጨርስ ነው። እዚያ ውስጥ ጀልባ ነጂው ይሞታል። ደረቱን ያመዋል፤ ዘጠኝ ቀን ይተኛል፤ ዝናብ ሲያባራ ይሞታል። ጸሐፊው ብዙ አላወራም። የካፖርቱን ቁልፍ ከባንኮኒው አንስቼ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ማስታወሻዬ ላይ «ሰኞ። ሞተ። ጠዋት ነበር» ብቻ ነው ያለው።

ከዚያ ጥቁር ቀዩን ፈታሁ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጀልባ ነጂው ገበታ ቀርቦ ብርቱካን ይልጣል። ልጣጩን ሳይበጥስ እንደ ክር እያወጣው። ሚስቱ «መስኮቱን ዝጋው» ትለዋለች። ልጅቷ ጫማ ጠበበኝ ትላለች። ማንም አልደነገጠም፤ ማንም የት ነበርክ አላለውም። ገጹን ወደ ኋላ ገለበጥኩ። የገጽ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ምስጥ በልቶታል፤ ምዕራፎቹም ቁጥር የላቸውም። እኔ መጻሕፍት ዐዋቂ አይደለሁም። ታላላቆቹ እንዲህ ያደርጋሉ ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ። ቁልፉን ከሳጥኑ አወጣሁና ቦታው አስቀመጥኩት። ሳምንቱን ሙሉ ያንን ጥቅል ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰውዬው ይስቃል፣ ይቆጣል፣ ጀልባውን ቀለም ይቀባል፤ እኔም በእያንዳንዱ ገጽ ተመልሶ የመጣ መሆኑን አውቃለሁ። እንዲህ ጥሩ ሳምንት ያሳለፍኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ ነርሷ «እትዬ፣ ዛሬ እርስዎ ያውሩ፤ የደረሱበትን» አለችኝ።

«ደስ ያለኝ» አልኩ፣ «ሰውዬው ሲመለስ ማንም አለመደንገጡ ነው።»

ቁልፍ መውደቁ ቆመ።

«የትኛው ሰውዬ?» አለ ሰዓት ሠሪው።

«ጀልባ ነጂው ነዋ። ሞቶ ሲመለስ። ብርቱካን ሲልጥ።»

ነርሷ ቀስ ብላ ወደ ሽማግሌው ዞረች። «ጋሼ፣ ለእትዬ ከመሰጠቱ በፊት ክሩን ማን ነው የቀየረው?»

«እኔ ነኝ፣ አሮጌው ክር ስለ ላላ፣ ቀዩን በአራተኛው ጥቁር ቀዩን በአምስተኛው፣ ወይም ደግሞ በተቃራኒው፣ ለነገሩ ቀይ ያው ቀይ ነው፣ የእኔ ዓይን ደግሞ…»

«ሠላሳ ዓመት አራሚ!» አለች ነርሷ፤ ከዚያ ሳቋ አፈናት። ቆርቆሮዋ ተገለበጠ፤ የለየችው ሁሉ ተበተነ። ነጠላ ሰረዝ ፊቱ እንደ ክሩ ቀላ። እኔም ሳቅሁ። ክር ሻጭ ሆኜ በክር ቀለም ተሸወድኩ፤ የተሰጠኝ ክር ትክክል ነው ብዬ ዝርዝሩን አምኜ አምስተኛውን ከአራተኛው በፊት አነበብኩ።

«በሉ እንግዲህ በደንቡ ቅደም ተከተል ድጋሚ ያንብቡት» አለችኝ ነርሷ ዓይኗን እየጠረገች።

«አላነበውም።»

ያልሳቀው ሰዓት ሠሪው ነበር። «እትዬ፣ ሲመለስ ምን መሰለዎት?» አለኝ።

«ምን ይመስለኛል? ቤቱ ነው፤ መጣ።»

ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የሆነ ነገር ጫረበት። «አሥራ አንድ ዓመት ሰውዬዬን ከቤት ለማስወጣት ስታገል» አለ፣ «ለካ ወደ ቤት ማስገባት ነበረብኝ።»

አሁን የምልሽን በጥሞና አንብቢ። ከመሄድሽ በፊት በነበረው ሳምንት አራቱን ደብተሮች ሰጥተሽኝ «አንብቢልኝ» ብለሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን «ጥሩ ነው፤ ግን ረዝሟል» አልኩሽ። የቱ ጋ ስትዪኝ «መሃሉ ላይ» አልኩ። አየሽኝ። ልጄ፣ አላነበብኩትም ነበር። መጀመሪያው ገጽ ላይ አባትሽ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ «እርሳሴን ማን ወሰደው?» እያለ በየክፍሉ ይዞራል። እዚያ ላይ ዘጋሁት። ከዚያ ገጽ ተነስቶ የት እንደሚደርስ አውቅ ነበርና አብሬው መሄድ አልቻልኩም። ዋሸሁሽ። እንደዋሸሁሽም እንዳወቅሽ ዐውቅ ነበር። አምስት ዓመት ሙሉ ደብዳቤሽ ሦስት መስመር የሆነው በምን እንደሆነ አልጠየቅኩሽም፤ መልሱ ከእኔ ጋር ስለ ነበረ።

ያን ቅዳሜ እነሱ ሲሄዱ ደብተሮቹን አወረድኳቸው። እሑድ ጀምሬ ትናንት ጨረስኩ። ቁልፍ መደርደር አላስፈለገኝም፤ ሁሉንም ዐውቃቸዋለሁ። አክስትሽን በቀቀን ያደረግሽበት ቦታ ላይ ብቻዬን ጮክ ብዬ ሳቅሁ። አባትሽ መብራት በጠፋበት ሰፈር ሊጠግን ምሰሶ ላይ ወጥቶ፣ ከላይ ሆኖ የሚያየውን የቤት ክዳን ሁሉ በባለቤቱ ስም የሚጠራበትን ቦታ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ለአንቺ ነግሮሽ ለእኔ ሳይነግረኝ መሞቱ ትንሽ አስቀናኝ። መሃሉ አልረዘመም።

አራተኛው ደብተር ግን ያቆማል። እሱ በሞተ ማግስት ጠዋት ነው። ሰዎች ወንበር ያስገባሉ፤ ልጅቷ መስኮት አጠገብ ቆማለች፤ እናትየው ሻርፗን ደርባ፣ የሱቁን መክፈቻ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ባዶ ነው። አሥራ አንድ ባዶ ገጽ። ልጅቷ እናቷ የት እንደ ሄደች ስለማታውቅ ነው ያቆምሽው። ወይም የምታውቅ ስለ መሰላትና ልትጽፈው ስላልፈለገች ነው፤ ክፉ እንዳልጽፍባት ብለሽ። ስመለስ አክስትሽ መክፈቻውን እጄ ላይ አይታ በሰው ሁሉ ፊት «ዛሬም ሱቅ!» ማለቷን አንቺም ሰምተሻል። መክፈቻውን አየሽው፤ ከዚያ እኔን አየሽኝ።

ሱቅ አልከፈትኩም። እግሬ ወደዚያ ነበር የሚሄደው፤ ሌላ መንገድ ስለማያውቅ። ጥግ ላይ አውቶቡስ በሩን ከፍቶ ቆሞ ነበርና ወጣሁ። ትኬት ቆራጩ «እናት፣ የት?» አለኝ። «መጨረሻ» አልኩት። መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ ወረደ። «እናት፣ እዚህ መውረድ ነው» አለኝ።

«አልወርድም። መልሰኝ።»

«የረሱት ነገር አለ?»

«አዎ።»

ሁለተኛው ዙር ላይ ምንም አልጠየቀኝም። ሦስተኛው ዙር ላይ መስኮቱን ከፈተልኝ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት አጠገቤ ተቀምጣ ወሬ ጀመረች። ልጆች አሉሽ ወይ አለችኝ፤ አንድ ሴት ልጅ አለችኝ፣ መጻፍ ትወዳለች አልኳት። «ባልሽስ?» አለችኝ።

«ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ዛሬ ቤት ነው። ተኝቷል።»

«ይተኛ» አለችኝ፣ «ደክሞት ነው።»

«አዎ» አልኩ፣ «ደክሞት ነው።»

እሷ ወረደች። እኔ ግማሽ ቀን ያህል በዚያ አውቶቡስ ከተማውን ዞርኩ። በየመስኮቱ ሰዎች ልብስ ያሰጣሉ፣ ልጅ ያጥባሉ፣ ሱቅ ይከፍታሉ። አውቶቡሱ እስካልቆመ ድረስ እሱ ቤት ተኝቷል። ከዚያ ትኬት ቆራጩ በሌላ ተረኛ ተቀየረ፤ አዲሱ ሰውዬ የት ነው የሚሄዱት ሲለኝ የሠፈራችንን ስም ጠራሁ። አክስትሽ የተናገረችውን ያላስተባበልኩት፣ ከአውቶቡሱ ይልቅ ሱቁን መስማት ለሁሉም የሚቀል ስለ መሰለኝ ነው። ለአንቺ እንደማይቀል ማሰብ ነበረብኝ። ሒሳብ አዋቂ ነኝ ስል እዚያ ላይ ተሳሳትኩ።

ይህን ለማንም አልነገርኩም፤ ማስታወሻዬ ላይ እንኳ የዚያን ቀን ገጽ የለም። የፈለግሽውን አድርጊበት።

እንግዲህ ውሳኔዬ ይህ ነው። ደብተሮቹን አላቃጥልም፤ ምንም ዕቃ አልጠቀልልባቸውም። አራተኛውን፣ ባዶ ገጽ ያለበትን፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሦስቱ እኔ ዘንድ ይቆያሉ። በፖስታ አይላኩም፤ ሰውም ይዟቸው አይመጣም። የምትፈልጊያቸው ከሆነ መጥተሽ ከእጄ ውሰጂ።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። የምታድሪበት ቤት ሙቀት አይጣ። ከደጅሽ የምትወጪበት እግር በሰላም ይመልስሽ። ስትመጪ አስቀድመሽ አትጻፊልኝ፤ ዝም ብለሽ ግቢ፤ ማንም የት ነበርሽ አይልሽም።

እናትሽ